በሰማያዊ ክር የተጠገነው ቀሚስ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ የወፍጮ ጠጋኝ፣ የአራት ልጆች አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛ የመጨረሻዋ ልጃችን፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ለሰፈራችን ልጃገረዶች የአሸንድዬን ዘፈን የምታወጣላቸው እሷ ነበረች። አራተኛ ኮን ገበያ ላይ ቀሚሱን የሸጡልኝ ሽማግሌ ቄስ። አምስተኛ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት። ስድስተኛዋ የእኚህ እናት ልጅ ናት፤ እሷን በሕይወት ሳለች አላውቃትም። ስማቸውን የማልጽፈው እንዳይታወቁ ብዬ አይደለም። በላሊበላ ይህን ነገር ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ስማቸውን ልጥራ ብዬ የምጠይቅበት ፊት ስለሌለኝ ነው።

በቤቴ ውስጥ ስለ ልብስ ሕግ ነበረ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሞተር የተማርኩት ሞተር ፈትቼ፣ ንባቤንም ያጠናከርኩት መለዋወጫ ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ ሁሉ ሳይቀረኝ እያነበብኩ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የሚያርመው መምህር ስላልነበረው ሁልጊዜ ልክ ነኝ ማለት ይለምዳል። እኔም ለምጄ ነበር።

ቁም ሳጥናችንን የሠራሁት በእጄ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ጣውላ። ሆን ብዬ ጠባብ አደረግሁት። አዲስ ልብስ የሚገባው አሮጌ ሲወጣ ብቻ ነው አልኳቸው። ልብስ ደግሞ በዓይን አይገዛም፣ በእጅ ነው የሚገዛው እል ነበር። ጨርቁን ጨብጬ እለቀዋለሁ፤ ተጨማዶ ከቀረ እመልሳለሁ። ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ብርድም ያሳልፋል። ከዚያ፣ ሲቀደድ ይጠገናል ወይ፣ ለታናሽ ይተርፋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉ ያለፈ ልብስ ውድም ቢሆን እገዛዋለሁ። ስስታም አይደለሁም፤ ቢያንስ ራሴን እንደዚያ አላየሁትም።

የመጀመሪያ ልጄ ትምህርቱን የጨረሰው ከእኔ ካፖርት በተሰፋ ጃኬት ነው። አሁን ደሴ ሥራ ይዟል። የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ በአንድ ቀን አምስት ሸሚዝ ገዛ ብለው ሲነግሩኝ፣ ምክሬ ሁሉ ውኃ በላው ብዬ አዘንኩ። አምስቱን ሸሚዝ የገዛው ከእኔ ለመገላገል መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አሸንድዬ የሚገባው ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የሚባለውን ረዥም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከዚያም ቤት ለቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ባለቤቱ ያለውን ይሰጣል፤ እነሱም ይመርቁታል። ልጄ ማውጣት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ድምፅዋን ከማን እንደወሰደች አላውቅም፤ ከእኔ ግን አይደለም።

ያን ዓመት ልጃገረዶቹ አንድ ዓይነት ለመልበስ ተስማሙ። ከመናኸሪያው በታች ካለው ሱቅ የመጣ ነጭ ስስ ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ፣ እሱም በሽመና የገባ ሳይሆን የታተመ። ዋጋው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር። ልጄ ሱቁ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ጨበጥኩት፣ ለቀቅኩት፣ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። የአሸተን ተራራ ጫፍ በጨርቁ ውስጥ ታየኝ።

«ይሄ ልብስ አይደለም፤ መጋረጃ ነው» አልኩ፣ ባለሱቁ እየሰማ።

ባለሱቁ ጎረምሳ ነው። «ይሁን ጋሼ፣ መጋረጃ ይሁን። ሰፈሩ ሁሉ ሰቅሎ ጨርሷል፤ ያለ መጋረጃ የቀረው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው» አለኝ።

ልጄ አልሳቀችም። «አባዬ፣ የማወጣላቸው እኔ ነኝ። ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ለብቻዬ ሌላ ለብሼ እንዴት እቆማለሁ?»

«ፊት የሚቆም ሰው የኋላውን አይመስልም» አልኳት። ንግግሬ ለራሴ ጣፈጠኝ። እሷ የጠየቀችኝ ግን ከጓደኞቿ እንዳልለያት ነበር።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ነገሩን አነሳችው። «ለመሆኑ ሰው ለምንድን ነው የሚለብሰው?» አለችኝ።

«ለብርድ ነዋ።»

«ለብርድማ በግም ለብሷል። ሰው የሚለብሰው ለሰው ነው።»

«ለሰው ዓይን የሚለብስ ሰው፣ ሰው ዓይኑን ሲያነሳ ራቁቱን ይቀራል» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ መናገርስ ታውቅበታለህ» አለችና ትሪውን አነሳች።

በሳምንቱ ኮን ላይ የአንድ ወፍጮ ሞተር ተቃጥሎ ጠሩኝ። ሥራዬን ስጨርስ የገበያ ቀን ስለነበረ ወደ ገበያው ወጣሁ። ከድንጋይ ካቡ ሥር አንድ ሽማግሌ ቄስ ላስቲክ ዘርግተው ጥቂት ልብስ አስቀምጠዋል፤ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የሴት ቀሚስ። ቀሚሱን ጨበጥኩት። እውነተኛ የእጅ ፈትል ነው፤ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ። ገለበጥኩት። በግራ ብብቱ ሥር ተቀዶ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል፤ ስፌቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። ይህን የሰፋ እጅ ልብሱን ይወድ ነበር አልኩ በልቤ። በሕጌ መሠረት የተጠገነ ልብስ ሁለት ጊዜ የተከበረ ልብስ ነው።

ሰው ሲሞት ልብሱ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል። ቄስ የሴት ቀሚስ ሲሸጥ ያየ የላስታ ሰው የሞተ ሰው ልብስ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አያሻውም። እኔም አውቄአለሁ። ልብስ ነፍስ የለውም፣ የሞተችውም የዚሁ የኮን አገር፣ የዋድላ አሮጊት ትሆናለች ብዬ አለፍኩት። የማላውቀውን ነገር ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ ሞላሁት።

«የየት ሰው ነህ ልጄ?» አሉኝ ቄሱ።

ይህ ጥያቄ ለላሊበላ ሰው የቆየ ወጥመድ ነው። ፈረንጅ በብዛት በሚመጣበት ዘመን፣ የላሊበላ ሰው ዶላር ይቆጥራል ተብሎ በየገበያው ዋጋ ይቆለልብን ነበር። ፈረንጁ ቀረ፤ ስሙ ግን አልቀረም።

«የጋሸና ነኝ አባቴ» አልኳቸው።

«ላሊበላ ዘመድ አዝማድ አለህ?»

«ኧረ ማንም የለኝም።»

«ለልጅህ ነው? እሷስ ወደዚያ ትመላለሳለች?»

«አዎ፣ ለልጄ ነው። እዚያ ምን ሥራ አላት ብለው ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

ቄሱ ቀሚሱን አንስተው ትንሽ ይዘውት ቆዩ። «እንግዲያስ አራት ሺህ አምስት መቶ ነው» አሉኝ። ተከራከርኩና ሦስት መቶ ቀነሱልኝ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። «ዕድሜ ይስጣት፤ በደስታ ትልበሰው» ብለው መረቁልኝ። በሱቁ ካለው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዋጋ ከፍዬ፣ አባት እንዲህ ነው እያልኩ ተመለስኩ።

ልጄ ለበሰችው። ልክ ለእሷ የተሰፋ ይመስላል። ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይከብዳል» አለች።

«የሚከብድ ነገር ነው የሚቆየው።»

ባለቤቴ ጫፉን ገልብጣ አየችው። «ይሄ ለገበያ የተሰፋ አይደለም፤ በሰው ልክ የተሰፋ ነው። የማን ነው?»

«ትናንት የሻጩ ነበር፤ ዛሬ የልጅሽ ነው» አልኩና፣ ወሬውን ለማስቀየር ሽማግሌውን እንዴት እንዳታለልኳቸው አወራሁላቸው። ቄስ መሆናቸውን ግን ዘለልኩት። የሽማግሌውን ድምፅ አስመስዬ «ላሊበላ ዘመድ አለህ?» እያልኩ ስደግም ባለቤቴ ሳትወድ ሳቀች።

ልጄ ግን «አባዬ፣ ዋሸህ?» አለችኝ።

«ንግድ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።»

አንድ እንቁላል ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ያለ ልጄን የገረፍኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን የገረፍኩበትን ምክንያት ይህች ልጅ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እየገረፍኩ ስሰብክ ቆማ አይታለች።

የአሸንድዬ ጠዋት አሸተን በጉም ተሸፍኖ ነበር። ልጃገረዶቹ በስስ ነጭ ቀሚሳቸው፣ ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው፣ ልጄን ሊወስዱ መጡ። በር ላይ ሲያዩዋት አንዷ «እዩዋት፣ የወፍጮ ጠጋኙ ልጅ! አባቷ ማዳበሪያ አሰፋላት!» አለች። ሁሉም ሳቁ። ልጄም አብራቸው ሳቀች፤ አንገቷ ግን ቀላ። ከዚያ ከበሮውን ተቀበለችና ስታወጣ ሁሉም ከኋላዋ ገቡ። እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ልክ ነበርኩ አልኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከተጫወቱ በኋላ የመጀመሪያ ቤታቸው የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ በዓል ቢሆንም ለምነውኝ፣ ከአሸተን መንገድ ግርጌ ያለ ወፍጮ ቤት የሞተር ቀበቶ እየቀየርኩ ነበር። የልጄን ድምፅ ስሰማ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወጣሁና ከጎረቤቱ አጥር ጥግ ቆምኩ። አይቼ ልደሰት ፈልጌ ነው።

ቤቱ የእናትየው ነበር። ልጃቸው በሕመም ከሞተች ዓመት አልፏት፣ ሙት ዓመቷም ተዘክሮ ነበር። ባለፈው ዓመት ልጃገረዶቹ በራቸውን በዝምታ አልፈውታል። ዘንድሮ ግን እሳቸው ራሳቸው «ለእኔም ቤት ግቡ፣ ልጄ የምትወደው ቀን ነው» ብለው ላኩባቸው። በራቸው ላይ ቆመው፣ አምባሻ በመሶብ ይዘው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ ያዳምጡ ነበር።

ልጄ ከበሮውን ለመምታት ክንዷን ከፍ አደረገች። እናትየው መሶቡን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው መጥተው የልጄን ግራ ክንድ ያዙና ወደ ላይ አነሱት። ከበሮው ቆመ። ተቀባዮቹ ጥቂት ቀጥለው ነበር፤ ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ነጭ ክር አልቆብኝ ነው» አሉ እናትየው። ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም። «የጥምቀት ዋዜማ ነበር፤ ሱቅ ተዘግቶ። አይታይም ልጄ፣ ከብብት ሥር ማን ያየዋል አልኳት።»

ልጄ ምን እንደሆነ አልገባትም። ከኋላዋ ካሉት አንዷ ትልቅ ልጅ ግን ገብቷት አፏን በነጠላ ያዘች።

«ማን ሰጠሽ የኔ እናት?» አሏት።

«አባቴ ነው፤ ከኮን ገዝቶልኝ።»

ልጄ እኔን አጥሩ ጥግ አየችኝ። ሌሎቹም እሷን ተከትለው ዞሩ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመልሼ ልገባ ቃጥቶኝ ነበር፤ አልሄድኩም፣ ግን ወደፊትም አልተራመድኩም።

«አባቷ አንቱ ነዎት?» አሉኝ እናትየው። «ለንስሐ አባቴ ስሰጥ ለምኛቸው ነበር። ለላሊበላ ሰው እንዳይሸጥ፣ ገበያ ላይ ልብሷ ሲሄድ እንዳላይ። እሳቸውም ኮን ላሉት ዘመዳቸው ለቄሱ አደራ ብለው ነው የላኩት። የየት ሰው መሆንዎን አልጠየቁዎትም?»

«አልጠየቁኝም» አልኩ።

ይህን ያልኩት ሳላስብ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር። አስቤ ነው ያልኩት። ሽማግሌው ሩቅ ናቸው፤ ጥፋቱ ወደ እሳቸው ቢሄድ እዚህ ማንም አይመሰክርባቸውም፣ ማንምም አይከራከርላቸውም። ልጄ ግን አንገቷን ደፋች። እኔ የሽማግሌውን ድምፅ አስመስዬ ያወራሁትን ቃል በቃል ታውቀዋለች። ዋሽቷል አላለችም፤ አባቷን አላጋለጠችም። ጫማዋን እያየች የወገቧን ቅጠል ትነጭ ጀመር።

«ጠይቀውኛል» አልኩ። «ጠይቀውኝ የጋሸና ነኝ አልኳቸው። ላሊበላ ዘመድ አለህ ወይ ሲሉኝም ማንም የለኝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ዋጋ እንዳያስወድዱብኝ።»

እናትየው ብዙ አላዩኝም፤ ወደ ልጄ ተመለሱ።

«ትልበሰው፣ አምሮባታል። አንቺ ምን አደረግሽ የኔ ልጅ፤ ተጫወቺ» አሏት።

ልጄ ግን ከበሮውን ከጎኗ ላለችው ሰጠች። ልጃገረዶቹ ከበው ወደ እናትየው ቤት አስገቧት። ስትወጣ የእናትየውን የአዘቦት ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ እጅጌው አጥሯት። የፈትሉን ቀሚስ አጥፋ በሁለት እጇ ለእናትየው ሰጠቻቸው። ከዚያ በእኔ በኩል ሳይሆን በጓሮ ባለው መንገድ ወደ ቤት ሄደች። ልጃገረዶቹ የሚያወጣላቸው አጥተው ተበተኑ።

ማታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ስትገዛው ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ምን መሰለህ?»

«ጥሩ ስፌት» አልኳት።

ነገሩ በዚህ አልበቃም። ቀሚሱ ለልጅቱ ነፍስ ተብሎ የተሰጠ ምጽዋት ነው። እናትየው መልሰው በነጻ ቢወስዱት የሰጡትን ምጽዋት እንደመንጠቅ ቆጠሩት። ልጄ በአካል መልሳለች፤ ለእሳቸው ግን ገና አልተመለሰም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠቦታቸውን ሸጠው፣ የከፈልኩትን ያህል ብር በመሐረብ ቋጥረው ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ጉልበታቸውን ይዛ ለመነቻቸው፤ እኔም ለመንኩ። እምቢ አሉ። «የሷን ነገር ከሰው በስጦታ አልቀበልም» አሉ። በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድን። እሳቸውም ብሩ ለእኔ እንዳይመለስ፣ በልጅቱ ስም ለድሆች እንዲሰጥ ወሰኑ። ተሰጠም። ጠቦቱ ግን ለዓመት በዓል ያሳደጉት ነበር።

እኔ ኮን ሄድኩ። ሽማግሌው ቄስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የጋሸናው ሰው!» አሉኝ ገና ከሩቅ።

«የላሊበላ ነኝ አባቴ።»

«አሁንማ አወቅሁ፤ ደውለው ነገሩኝ። ስንት ዓመቴ ነው፤ አደራ በልቼ አላውቅም ነበር።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንስተው አስቀመጡኝ። ዋጋ ፈርቼ ነው አልኳቸው።

«ዋጋውማ ለሁሉም ያው ነበር» አሉኝ። «ሦስት መቶውን የቀነስኩልህ ስለ ክርክርህ መሰለህ? ለልጄ ነው ስላልከኝ ነው። እሱ ብቻ ነበር እውነት የነገርከኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ሳይገባ ልጄን ያን ስስ ቀሚስ ልግዛልሽ አልኳት። «ይቅር አባዬ፤ አሁን ሌላ ልጅ ታወጣለች» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ይህን ያለችኝ ለእንግዳ ሰው በሚነገር ትሕትና ነው። ለቀሚሱ ቦታ ብዬ ከቁም ሳጥኑ ያወጣሁት ሌላው አሮጌ ካፖርቴ ተመልሶ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። አሁን ልብስ ሲገዙ አይጠሩኝም፤ እኔም ልጨብጠው አልልም።

ልጃገረዶቹ ያን ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያገኙትን ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣ የዓመቱን ሙሉ ገቢያቸውን፣ ለእናትየው ሰጥተው ነበር፤ እሳቸውም በጠቦቱ ብር ላይ ለድሆቹ ጨመሩት። እኔ ለቀሚሱ አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ ለኮን ደርሶ መልስ ስድስት መቶ አወጣሁ። እናትየው አራት ሺህ ሁለት መቶ። ልጄ በሱቁ የፈለገችው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር ነበር። ዛሬ በእናትየው ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ለተቀመጠው፣ ማንም ለማይለብሰው ቀሚስ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ያወጣነው ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው።